የምስጢር ድምፅና የፖለቲካ ማስፈራራት፦ ከግለሰብ መራጭ እስከ ምርጫ ጣቢያ

መግቢያ

በ1868 በብሪታኒያ በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ፣ በምዕራብ ዌልስ የሚኖሩ በርካታ ጭሰኞች የባለርስቶቻቸውን ፍላጎት ተጻርረው ለሊበራል ፓርቲ ዕጩዎች ድምፅ ሰጡ። በዘመኑ ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነበር። መራጩ በምርጫ አስፈጻሚው ፊት ቀርቦ የሚመርጠውን ሰው ስም በቃሉ ይናገራል፤ ጸሐፊውም የመራጩን ስም ከመረጠው ዕጩ ጋር በመዝገብ ያሰፍራል። ባለርስቱ ማን ማንን እንደመረጠ ለማወቅ ሰላይ ማሰማራት አላስፈለገውም፤ መዝገቡን መመልከት ይበቃው ነበር። ከምርጫው በኋላ በካርዲጋንሺርና በካርማርተንሺር አውራጃዎች የተወሰኑ ጭሰኞች ካረሱት መሬት ተፈናቀሉ። ጉዳዩ በፓርላማ መነጋገሪያ ሆነ፤ በ1872ም ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የሚያዝዘው ሕግ ጸደቀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሕግ የባለርስቱን መሬት አልወሰደም፤ ጭሰኛን የማስነሣት ሥልጣኑንም አልነካም፤ ለጭሰኛውም ተጨማሪ ድፍረት አልሰጠውም። ከባለርስቱ የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕውቀቱን። ሊቀጣ ይችላል፤ ነገር ግን ማንን መቅጣት እንዳለበት አያውቅም። የምስጢር ድምፅ መላ አመክንዮ በዚህ ውስጥ ይገኛል። የዜጎችን የመምረጥ ነጻነት በእያንዳንዱ ዜጋ ጀግንነት ላይ ከመመሥረት ይልቅ፣ አስፈራሪው ዛቻውን ተፈጻሚ የሚያደርግበትን መረጃ ይነፍገዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አመክንዮ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተግባር ምን እንደሚጠይቅና ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ማብራራት ነው። ዋና መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሥርዓት የግለሰብ መራጭን ምርጫ በሚገባ ይሸሽጋል፤ የመንደሩን ምርጫ ግን ይፋ ያደርጋል። ማስፈራራት ከግለሰብ ወደ አካባቢ በሚሸጋገርበት ጊዜ ጥበቃው ይሳሳል።

ማስፈራራት የሚቆምባቸው 3 እግሮች

ፖለቲካዊ ማስፈራራት ውጤት እንዲያመጣ 3 ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ አስፈራሪው የመቅጣት አቅም ሊኖረው ይገባል፤ መሬት፣ ሥራ፣ ዕርዳታ፣ ፈቃድ ወይም የታጠቀ ኃይል በእጁ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ መራጩ የሰጠውን ድምፅ ማወቅ መቻል አለበት። ሦስተኛ፣ መራጩ ራሱ «ያውቁብኛል፤ ይቀጡኛልም» ብሎ ማመን አለበት። ከ3ቱ አንዱ ሲጎድል ዛቻው ባዶ ድምፅ ይሆናል።

የመጀመሪያውን እግር መስበር እጅግ አስቸጋሪ ነው። የሀብትና የሥልጣን ክፍፍልን መለወጥ ትውልድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ማስፈራራትን በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ ማውጣትም ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ተጎጂው ደፍሮ መክሰስ፣ ምስክር ማቅረብና ገለልተኛ ፍርድ ቤት ማግኘት ይኖርበታል። የሚፈራ ሰው ደግሞ አይከስም። ሁለተኛውን እግር መስበር ግን የወረቀት፣ የመጋረጃና የሳጥን ጉዳይ በመሆኑ፣ በአንጻራዊነት በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ሊፈጸም ይችላል።

ይህ አሠራር ያለ ተቃውሞ አልተቀበሉትም። ከታወቁት ተቃዋሚዎች አንዱ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። ሚል በ1861 ባሳተመው ስለ ውክልና መንግሥት በሚያትተው መጽሐፉ፣ ድምፅ የግል ንብረት ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም የተሰጠ አደራ ስለሆነ፣ በሕዝብ ፊት በግልጽ ሊሰጥ ይገባል ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም የሕዝብ ዓይን የእኩያሞች ዓይን ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ከተመልካቾቹ አንዱ የመራጩን እንጀራ የያዘ ሲሆን፣ ግልጽነት ተጠያቂነትን ሳይሆን ታዛዥነትን ያስከትላል። ከዚህም የተነሣ ዘመናዊው አሠራር በሁለት ወገኖች መካከል ልዩነት ያደርጋል፦ ተወካይ በፓርላማ የሚሰጠው ድምፅ፣ ለመራጩ ተጠያቂ ስለሆነ፣ በመርሕ ደረጃ ግልጽ ይሆናል፤ ዜጋ በምርጫ ጣቢያ የሚሰጠው ድምፅ ግን ለማንም ተጠያቂ ስላልሆነ ምስጢር ይሆናል።

ምስጢር መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው

ድምፅን የመሸሸግ ሐሳብ ጥንታዊ ነው። በሮም ሪፐብሊክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ139 የወጣው የጋቢኒየስ ሕግ፣ የባለሥልጣናት ምርጫ በቃል መሆኑ ቀርቶ በጽሑፍ እንዲሆን አደረገ። ከ20 ዓመት በኋላ በ119 ጋይየስ ማሪየስ መራጮች የሚያልፉበት መተላለፊያ እንዲጠብብ የሚያዝዝ ሕግ አስወጣ፤ ዓላማውም ኃያላን በመተላለፊያው ላይ ቆመው የመራጩን ጽላት እንዳያዩ ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ማስተካከያ ትልቅ ትምህርት ይዟል፦ ምስጢራዊነት የሚጠበቀው በመርሕ መግለጫ ሳይሆን በቦታና በቁሳቁስ አሠራር ነው።

ፈረንሳይም ተመሳሳይ ትምህርት ትሰጣለች። በ1795 የወጣው ሕገ መንግሥት ምርጫዎች በምስጢር እንዲካሄዱ ደንግጎ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የድምፅ ወረቀቱን የሚያቀርቡት ዕጩዎችና ደጋፊዎቻቸው ስለነበሩ፣ መራጩ ማን ያቀረበውን ወረቀት እንደያዘ አጠገቡ የቆመ ሰው ሊያውቅ ይችል ነበር። ፖስታና በመጋረጃ የተከለለ ክፍል በሕግ የታዘዘው በ1913 ነው። በመርሑና በአፈጻጸሙ መካከል ከ100 ዓመት በላይ አለፈ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ናቸው። በ1856 ቪክቶሪያ፣ ደቡብ አውስትራሊያና ታዝማኒያ ያወጧቸው ሕጎች እስከ ዛሬ የምንጠቀምበትን ሥርዓት መሠረት ጣሉ። ይህ ሥርዓት ተሟልቶ ሲገኝ 4 ምሰሶዎች አሉት፦ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን መንግሥት ያሳትማል፤ የዕጩዎች ሁሉ ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ወረቀቱ የሚሰጠው በምርጫ ጣቢያው ውስጥ ብቻ ነው፤ መራጩም ምልክት የሚያደርገው ብቻውን ሆኖ በተከለለ ቦታ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ይህን ሥርዓት በመላ ግዛቲቱ በ1888 ስትቀበል፣ ፓርቲዎች ራሳቸው ያሳተሟቸውን ወረቀቶች የሚያድሉበት ልማድ መቅረት ጀመረ።

ከእነዚህ ምሰሶዎች በስተጀርባ አንድ ቁልፍ ሐሳብ አለ፦ መራጩ ምስጢሩን በፈቃዱ እንኳ መግለጥ የሚችልበት ማስረጃ ሊኖረው አይገባም። ምስጢር በፈቃድ የሚተው መብት ቢሆን ኖሮ፣ አስፈራሪው «የምትፈራው ነገር ከሌለህ አሳየኝ» ለማለት ይችላል፤ ያላሳየውም ሁሉ በተቃዋሚነት ይጠረጠራል። መራጩ «ለአንተ ነው የመረጥሁት» ብሎ መናገር ይችላል፤ ማረጋገጥ ግን አይችልም። ውሸትን ከእውነት መለየት የማይቻል መሆኑ ለደካማው ወገን ጋሻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ1996 ባወጣው 25ኛው አጠቃላይ አስተያየትም፣ መራጮች ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ ወይም እንደሰጡ እንዲገልጡ ከመገደድ ሊጠበቁ እንደሚገባ አስፍሯል።

ሁለት ተቃራኒ ማሳያዎች፦ ቺሌና ኬንያ

የዚህ ሥርዓት ኃይል በጉልህ የሚታየው በቺሌ ነው። እስከ 1958 ድረስ ፓርቲዎች የየራሳቸውን የድምፅ ወረቀት ያሳትሙ ነበር። በትላልቅ እርሻዎች ላይ የሚኖሩ ኢንኪሊኖ የተባሉ ገበሬዎች ቤታቸውንና የሚያርሱትን ቁራሽ መሬት የሚያገኙት ከባለርስቱ ነበር፤ ባለርስቱም የሚሰጡትን ድምፅ ይቆጣጠር ነበር። በ1958 በመንግሥት የሚታተም አንድ ወጥ የድምፅ መስጫ ወረቀት ሥራ ላይ ዋለ። ዣን ማሪ ባላንድና ጄምስ ሮቢንሰን በ2008 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከለውጡ በፊት ኢንኪሊኖዎች በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች የቀኝ ክንፍ ፓርቲዎች ከሌላው አካባቢ የበለጠ ድምፅ ያገኙ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ግን ይህ ልዩነት ጠፋ። የመሬት ይዞታው በ1958 አልተለወጠም። የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ኬንያ በተቃራኒው ምስጢር ሲነሣ ምን እንደሚከተል ታሳያለች። ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ ካኑ በ1988 ባካሄደው የዕጩዎች ምርጫ መራጮች ከሚደግፉት ዕጩ ወይም ከወኪሉ ኋላ እንዲሰለፉ ተደረገ፤ አሠራሩም በስዋሂሊ «ምሎሎንጎ» ማለትም ሰልፍ ተባለ። ከተሰለፉት 70 በመቶውን ያገኘ ዕጩ ወደ ምስጢራዊው ምርጫ ሳይሄድ የምክር ቤት አባል ይሆናል። አሠራሩ ቀላልና ግልጽ ነው ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ማን ከማን ኋላ እንደቆመ ጎረቤት፣ አለቃና የፓርቲ ሹም ሁሉ አየ፤ በአንጻሩ ሰልፉ ከተበተነ በኋላ የሚቆጠር ወረቀት ስለማይኖር፣ አጭር ሰልፍ የነበረው ዕጩ አሸናፊ ተብሏል የሚለውን አቤቱታ የሚያጣራ ማስረጃ አልተገኘም። መራጩ ተጋለጠ፤ ውጤቱ ግን ከምርመራ ተሸሸገ። ይህ አሠራር በቀጣዮቹ ዓመታት በገነፈለው ተቃውሞ ምክንያት ቀረ።

የመንደሩ ድምፅ፦ የዚምባብዌ ጥያቄ

እስከዚህ ድረስ የታየው የግለሰብ መራጭ ጉዳይ ነው። የ2008ቱ የዚምባብዌ ምርጫ ግን ሌላ ችግር አወጣ። ከምርጫው በፊት በተደረገ የሕግ ማሻሻያ፣ ቆጠራው በየምርጫ ጣቢያው እንዲካሄድና ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ እንዲለጠፍ ተደነገገ። ይህ ጠቃሚ ለውጥ ነበር። መጋቢት 29 ቀን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውጤት ከአንድ ወር በላይ ሳይገለጽ ቆየ፤ በዚህ ጊዜ የተለጠፉት ወረቀቶች ተቃዋሚዎችና ታዛቢዎች የራሳቸውን ድምር እንዲሠሩ አስቻሉ። በመጨረሻም ሞርጋን ሻንጊራይ 47.9 በመቶ፣ ሮበርት ሙጋቤ 43.2 በመቶ ማግኘታቸው ታወጀ፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረም ዳግም ምርጫ ተቆረጠ።

ነገር ግን እነዚያው ወረቀቶች ሌላም ነገር ተናገሩ፤ የትኛው መንደር ለተቃዋሚው እንደመረጠ። ከዳግም ምርጫው በፊት በገጠር የተካሄደው የጥቃት ዘመቻ በሾና ቋንቋ «ድምፅህን ለማን ሰጠህ» በሚል ትርጉም ባለው ስያሜ ይታወቃል። አጥቂዎቹ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ማወቅ አላስፈለጋቸውም። መንደሩን ማወቃቸው በቂ ነበር፤ ቅጣቱ የጋራ ነበርና። ሻንጊራይ ድምፅ ሊሰጥ 5 ቀናት ሲቀሩት ራሳቸውን አገለሉ። በሰኔ 27ቱ ዳግም ምርጫ መራጮች የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን ተራ ቁጥር መዝግበው እንዲያስረክቡ፣ ማንበብ የሚችሉትም አንችልም ብለው በ«ረዳት» እንዲመርጡ መታዘዛቸው ተዘግቧል። ያም ሆኖ ከመጋረጃው በስተጀርባ የተሰጠው ድምፅ ሙሉ በሙሉ አልተገዛም፦ ከምርጫው ለወጡት ዕጩ ከ230 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ የተበላሸው የድምፅ ወረቀትም ከ130 ሺህ በላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ተገቢ መርሖች ይጋጫሉ። ውጤትን በየጣቢያው ቆጥሮ መለጠፍ የኮሮጆ ግልበጣንና የድምር ማጭበርበርን ይከላከላል። በጣቢያው የተመዘገቡት መራጮች ጥቂት መቶዎች ሲሆኑ ግን ይኸው ግልጽነት አካባቢውን ለቅጣት ያጋልጣል። አንዳንድ አገሮች ለምስጢር ያደላሉ። በብሪታኒያ የተለያዩ ጣቢያዎች ወረቀቶች ከመቆጠራቸው በፊት ይቀላቀላሉ። በህንድ በወረቀት ዘመን ማደባለቅ ይቻል ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ መምረጫ መሣሪያ ሲመጣ ግን የየጣቢያው ውጤት ተለይቶ መታወቅ ጀመረ። የአገሪቱ ምርጫ ኮሚሽን የበርካታ መሣሪያዎችን ውጤት በአንድነት የሚደምር መሣሪያ ሥራ ላይ እንዲውል በ2008 ሐሳብ አቀረበ፤ የሕግ ኮሚሽኑም በ2015 ደገፈው። ያቀረቡት ምክንያት መራጮችን ከማስፈራራትና ከምርጫ በኋላ ከሚደርስ በደል መጠበቅ ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ያለው አግባብነት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ፣ መራጩ ፈቃዱን በነጻነት የሚገልጽበት ዋስትና ባለው ሥርዓት እንዲካሄድ ይደነግጋል። አገሪቱ በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 25 ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። የዕጩዎች መለያ ምልክት በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እንዲታተም መደረጉ፣ ማንበብ የማይችል ዜጋ ያለ ረዳት እንዲመርጥ ስለሚያስችል የምስጢሩ አካል ነው። የዚህ ፋይዳ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ይጎላል፤ በዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በጽሑፍ ብቻ የተዘጋጀው የምስጢር ወረቀት ራሱ፣ የመማር ዕድል የተነፈጉ ጥቁር ዜጎችን ከምርጫ ለማስወጣት አገልግሏል።

በኢትዮጵያም ቆጠራ በምርጫ ጣቢያ ይካሄዳል፤ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። በሌላ በኩል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ መታወቂያና ልዩ ልዩ አገልግሎቶችም የሚገኙት በቀበሌ አስተዳደር በኩል ነው። ይህ ማለት አስተዳደር ሁሉ ያስፈራራል ማለት አይደለም። ነገር ግን ማስፈራራት ከሚቆምባቸው 3 እግሮች የመጀመሪያው፣ ማለትም የመቅጣት አቅም፣ በአንድ የአካባቢ አካል እጅ ሊከማች ይችላል ማለት ነው። አቅሙ በተከማቸበት ቦታ ዕውቀቱን የመገደብ አስፈላጊነት ከፍ ይላል።

ከዚህ በመነሣት ውጤት መለጠፍ ይቅር ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በምርጫ አስፈጻሚ ተቋማት ላይ ያለው እምነት ገና በሚገነባበት አገር፣ የተለጠፈው ወረቀት ዜጎች የማጭበርበር ጥርጣሬን የሚፈትሹበት ቀላሉ መንገድ ነው። የተሻለው አማራጭ መካከለኛው ነው፦ የመራጮቻቸው ቁጥር አነስተኛ የሆነ ጎረቤት ጣቢያዎች ሳጥኖች በአንድ ቦታ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ተከፍተው፣ በየሳጥኑ ያለው የወረቀት ብዛት ከመራጮች መዝገብ ጋር ከተመሳከረ በኋላ፣ ወረቀቶቹ ተቀላቅለው ይቆጠሩ፤ ውጤቱም እዚያው ይለጠፍ። ይህ መንገድ የራሱ ዋጋ አለው፤ ሳጥን ከቦታ ወደ ቦታ ሲጓጓዝ ለጥርጣሬ በር ይከፈታል። ስለዚህ ወኪሎች ሳጥኑን ተከትለው እንዲሄዱ ማድረግና ርቀቱን ማሳጠር የግድ ይሆናል።

የምስጢር ድምፅ ወሰኖች

ከላይ የተጠቀሰው ሦስተኛው እግር፣ የመራጩ እምነት፣ በቴክኒክ ብቻ አይፈታም። በሲንጋፖርና በብሪታኒያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ማጭበርበርን ለመቆጣጠር ሲባል ተራ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ከመራጩ ጋር ማገናኘት በሕግ በጥብቅ የተገደበ ቢሆንም፣ የሲንጋፖር የምርጫ መሥሪያ ቤት ድምፅ ምስጢር መሆኑን ለሕዝብ ደጋግሞ ማስረዳት አስፈልጎታል። ምስጢሩ እየተጠበቀ መራጩ ካላመነ፣ ፍርሃቱ ምስጢሩ እንደተጣሰ ያህል ይሠራል። ስለዚህ የመራጮች ትምህርት ምልክት እንዴት እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን፣ ድምፅ ለምን ሊታወቅ እንደማይችልም ማስረዳት አለበት።

ቴክኖሎጂም አዲስ ማስረጃ ፈጥሯል። በስልክ የተነሣ የድምፅ ወረቀት ፎቶግራፍ፣ የአውስትራሊያው ሥርዓት ያስቀረውን ደረሰኝ መልሶ ያመጣዋል፤ ጣሊያን በ2008 ካሜራ ያለው ስልክ ወደ ድምፅ መስጫው ክፍል እንዳይገባ በሕግ የከለከለችው ለዚህ ነው። ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ድምፅ የምታሰጠው ኢስቶኒያ ደግሞ መራጩ ደጋግሞ እንዲመርጥና የመጨረሻው ድምፅ ብቻ እንዲቆጠር ፈቅዳለች፤ በሰው ፊት ተገድዶ የመረጠ ሰው ኋላ ብቻውን ሊለውጠው ይችላል።

በመጨረሻም ምስጢሩ የሚሸፍነው ምርጫውን እንጂ ተሳትፎውን አይደለም። ዕጩ ሆኖ መቅረብ፣ በስብሰባ መገኘት፣ ለመራጭነት መመዝገብ፣ ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም ሁሉም በይፋ የሚታዩ ናቸው። በዚምባብዌው ዳግም ምርጫ ቀለም ያልነካው ጣት ራሱ አደገኛ ነበር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ዕጩዎች በዛቻ ከተወገዱም፣ መጋረጃው የሚሸሽገው ምርጫ አይኖርም።

ማጠቃለያ

የምስጢር ድምፅ ከማስፈራራት 3 እግሮች አንዱን፣ ዕውቀትን፣ ይሰብራል። የቺሌ ተሞክሮ የመሬት ሥሪት ባይለወጥም ይህ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ አሳይቷል፤ የዚምባብዌው ደግሞ ዕውቀት ከግለሰብ ወደ መንደር ሲሸጋገር ጥበቃው እንደሚሳሳ አስተምሯል። ከዚህ በኋላ የምርጫ ሥርዓትን የሚመረምር ተመራማሪ ከ«ድምፁ በምስጢር ተሰጥቷልን?» ጥያቄ ባሻገር፣ «ውጤቱ ሲለጠፍ ስለ ማን ምን ይናገራል? ያንን መረጃ የሚያነብበውስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የዌልሱ ባለርስት ማን እንደመረጠ ለማወቅ መዝገብ ነበረው፤ በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም መራጩን ከማጭበርበር እየጠበቀ፣ መንደሩን የሚያሳጣ ሌላ መዝገብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።